ወደ ረጅም ርቀት ዋና መመለስ፦ ከአርባ ዓመት በኋላ ሰውነት የሚያስታውሰውና የሚረሳው

መግቢያ

በውሃ ስፖርት ኮርሳችን ብዙ ጊዜ የሚነሱት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዋና ጨርሶ የማያውቅ ጀማሪ ነው። ሁለተኛው ለውድድር የሚዘጋጅ ወጣት ዋናተኛ ነው። ሦስተኛ ሰው ግን አለ፤ ማንኛውም መዋኛ ገንዳ ዳር ግማሽ ሰዓት ብትቆሙ ታዩታላችሁ። በልጅነቱ ጎበዝ ዋናተኛ ነበር። ከዚያ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ ማሳደግ ሲል ከውሃ ተለያየ። አሁን ደግሞ ቦርጩን ይዞ ተመልሷል። ጀማሪ እንዳንለው ዋና ያውቃል፤ ዋናተኛ እንዳንለው ሁለት ዙር ሄዶ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ያለከልካል።

ይህ ሰው እኔ ነኝ። ያደግኩት ያኔ ደብረ ዘይት እያልን በምንጠራት በቢሾፍቱ፣ በባቦጋያና በሆራ ሐይቆች ዳር ነው። እስከ 24 ዓመቴ ድረስ ዋኝቻለሁ፤ ከዚያ ለ19 ዓመት ተውኩት። ዛሬ 43 ዓመቴ ነው፤ ቀን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ማታ ደግሞ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪ ነኝ። ጉልበቴን ስላመመኝ ሐኪም ሩጫ እንድቀንስ መከረኝ። በዚያው ቀን የደም ግፊቴ ሲለካ 148 በ92 ሆነ። አባቴ በደም ግፊት ምክንያት ስትሮክ መትቶት ያረፈው በ52 ዓመቱ ነው። እንግዲህ ቁጥሩን መቀነስ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ብዙ አይደለም። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኔ የኮርስ ማሟያ ብቻ አይደለም።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የሚመለስ ዋናተኛ አካሉ በአንድ ፍጥነት አይመለስም። ስልቱ በቀናት፣ ትንፋሹ በሳምንታት፣ የትከሻው ጅማት ግን በወራት ነው የሚመለሰው። ታዲያ ልምምዱ መቀመር ያለበት ቀድሞ በደረሰው ሳይሆን ወደኋላ በቀረው ነው።

ረጅም ርቀት ስንት ነው?

በገንዳ ውድድር ረጅም ርቀት የሚባሉት 800 እና 1,500 ሜትር ናቸው። ከገንዳ ውጭ፣ በሐይቅና በባሕር፣ 5፣ 10 እና 25 ኪሎ ሜትር ይዋኛል። የ10 ኪሎ ሜትሩ ዋና ወደ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ነው። እኔ ለራሴ የመረጥኩት ግብ መጠነኛ ነው፤ በ24 ሳምንት ተዘጋጅቼ በባቦጋያ 3 ኪሎ ሜትር ሳላቋርጥ መዋኘት። ከስፖርቱ ስንነሳ ትንሽ ነው፤ ሁለት ዙር ለሚያለከልክ ሰው ግን ሩቅ አገር ነው።

የማይረሳው፦ ስልት

ብስክሌት መንዳትን የተማረ ሰው እንደማይረሳው ሁሉ መንሳፈፍን፣ እጅ መወርወርን፣ ወደ ጎን ዞሮ መተንፈስን የተማረ ሰውም አይረሳም። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ነፃ ቀዘፋዬ መልኩን ይዞ ነበር። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ምክንያቱም በዋና ከጉልበት ይልቅ ስልት ይበልጣል። ውሃ ከአየር ወደ 800 እጥፍ ያህል የጠጠረ ነገር ነው። መቋቋሙ ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ያድጋል፤ ፍጥነትን እጥፍ ማድረግ የፈለገ ሰው አራት እጥፍ መቋቋም ይጠብቀዋል ማለት ነው። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ፣ እግሩን ዝቅ አድርጎ የሚዋኝ ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው ከራሱ አካል ቅርጽ ጋር ሲታገል ነው።

የምለማመድበት ገንዳ ነፍስ አድን ሠራተኛ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጠርዝ ይዤ ሳለከልክ አይተው፣ «ወንድሜ፣ ውሃውን አትታገለው፤ እሱ እንደሆነ አይደክመውም» አሉኝ። በሌላ አነጋገር የመጽሐፉን ምዕራፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ በየዙሩ የምቆጥረው ፍጥነቴን ሳይሆን የእጅ ቀዘፋዬን ብዛት ሆነ። መጀመሪያ 25 ሜትር ለመሄድ 26 ቀዘፋ ይፈጅብኝ ነበር፤ በኋላ 21 ደረሰ። ጡንቻዬ በአንድ ጊዜ ስላደገ አይደለም፤ ጭንቅላቴን ዝቅ አድርጌ ወገቤን ስላነሳሁ ነው።

የሚረሳው፦ ትንፋሽ

ልምምድ ሲቆም የሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ቶሎ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ በጣም የታወቀ የኮይልና የባልደረቦቹ ጥናት፣ በደንብ የሰለጠኑ ሰዎች ልምምድ ሲያቆሙ ይህ አቅማቸው በ3 ሳምንት ውስጥ 7 በመቶ፣ በ8 ሳምንት ደግሞ 16 በመቶ ያህል እንደወረደ አሳይቷል። መጀመሪያ የሚቀንሰው የደም መጠን ነው፤ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ያንሳል። ከዚያ በጡንቻ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የመጠቀም ብቃት ይከተላል። በዚህ ላይ ዕድሜ ይጨመራል፤ ስፖርት የማይሠራ ሰው ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ቶሎ የሚሄደው ቶሎ ይመለሳል። ሰው መለማመድ በጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የደም መጠኑ ይጨምራል፤ ትንፋሹም ይረዝማል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚለማመድ ግን አንድ ማስታወሻ አለ። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ወደ ሩብ በሚጠጋ ያነሰ ነው። በሩጫ ጊዜ እንደልብ ይተነፈሳል፤ በዋና ግን ትንፋሽ የሚገኘው ቀዘፋው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስለዚህ በሦስት ቀዘፋ አንዴ መተንፈስ ሲከብድ በሁለት ቀዘፋ አንዴ መተንፈስ ነውር አይደለም።

የሚዘገየው፦ ትከሻ

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ሰው «ተመለስኩ!» ይላል። ስልቱ አለ፣ ትንፋሹ መጥቷል፣ ልቡ ደፍሯል። ጅማቱ ግን ገና ነው። ጅማት ከጡንቻ ያነሰ የደም ዝውውር ስላለው ለሸክም የሚለምደው ዘግይቶ ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሒሳቡን እንሥራው። 25 ሜትር በ26 ቀዘፋ የሚሄድ ሰው 1,000 ሜትር ሲዋኝ 1,040 ጊዜ ይቀዝፋል፤ ለእያንዳንዱ ትከሻ 520 መሆኑ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ሲሆን ከአንድ ሺህ ይበልጣል። ለ19 ዓመት ከመደርደሪያ ላይ መጽሐፍ ከማውረድ ሌላ ሥራ ያልነበረው ትከሻ በአንድ ጠዋት ሺህ ጊዜ ከጭንቅላት በላይ ሲዞር ምን ሊል ይችላል? የትከሻ አንጓን የሚይዙት ትንንሾቹ ጅማቶች በአጥንቶች መካከል እየተጨቆኑ ይቆጣሉ። «የዋናተኛ ትከሻ» የሚባለው ሕመም ይህ ነው። ከእኔ ጋር የጀመረ አንድ ጓደኛዬ በሰባተኛው ሳምንት 2,500 ሜትር በአንድ ጊዜ ዋኘና ለሁለት ወር ሸሚዝ መልበስ አቃተው። ትንፋሹ ከእኔ የተሻለ ነበር። የጎዳውም ይኸው የተሻለ ትንፋሹ ነው።

መከላከያው ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሳምንት የሚዋኘውን ርቀት ከ10 በመቶ በላይ አለመጨመርና በየአራተኛው ሳምንት መቀነስ። ሁለተኛ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በየብስ ላይ በመለጠጫ ላስቲክ ክንድን ወደ ውጭ የማዞርና የትከሻ ሳህንን ወደኋላ የመሳብ እንቅስቃሴ መሥራት፤ ነፃ ቀዘፋ የሚያጠነክረው የደረትንና የፊቱን ጡንቻ ስለሆነ የኋላው መጎተት አለበት። ሦስተኛ፣ እጅ ወደ ውሃ ሲገባ አውራ ጣትን ወደታች አድርጎ አለመውጋት፤ መዳፍ ጠፍጠፍ ብሎ በትከሻ ትይዩ ይግባ። ድካምና ሕመም ደግሞ ይለያያሉ። በጡንቻው ሙሉ የሚሰማ ድካም በማግስቱ ይለቃል። በትከሻው ጫፍ ላይ በአንድ ነጥብ የሚወጋ፣ ሌሊት ጎን ሲያስቀይር የሚያነቃ ሕመም ግን የማቆሚያ ምልክት ነው።

ልብና የደም ግፊት

ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ወደ ውሃ ከመመለሱ በፊት ሐኪም ይየው። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ የውሃው ግፊት እግሩን ስለሚጨምቀው ደም ወደ ደረት ይሰበሰባል። የደም ግፊት ባለበት ሰው ላይ፣ በተለይ ውሃው ሲቀዘቅዝና ጥረቱ ሲበረታ፣ አንዳንድ ጊዜ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ሊሰርግ ይችላል። ምልክቱ ከጥረቱ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ እጥረት፣ ሳልና አረፋማ ወይም ሮዝ መልክ ያለው አክታ ነው። «ትንሽ ልታገስ» አይባልም፤ ወዲያው ከውሃ ወጥቶ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

እኔ መድኃኒት ጀምሬ ግፊቴ ከተስተካከለ በኋላ ነው ሐኪሙ የፈቀደልኝ። እዚህ ላይ ለአሰልጣኞች አንድ ነጥብ ልጨምር። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚቀንሱ «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለው ቀመር ለእንደዚህ ዓይነት ሰው አይሠራም። ውሃ ውስጥ ደግሞ የልብ ምት በራሱ ከየብስ ዝቅ ይላል። የሚሻለው መለኪያ ንግግር ነው። ጠርዝ ሲደርስ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የሚችል ሰው በልኩ እየሠራ ነው፤ ቃል በቃል የሚቆራርጥ ከሆነ በዝቶበታል።

መለኪያው

የሚመለስ ሰው ትልቁ ችግሩ የድሮ ሰዓቱን ያስታውሳል። እኔ በወጣትነቴ 400 ሜትር ከ6 ደቂቃ ብዙም ሳልርቅ እዋኝ ነበር። ያንን ቁጥር ይዞ መለማመድ የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ እንደ መሮጥ ነው። መለኪያው ዛሬን መለካት አለበት። ለዚህ የሚያገለግል ቀላል ፈተና አለ። 400 ሜትር በሚቻለው ፍጥነት ተዋኝቶ ሰዓቱ ይመዘገባል፤ በቂ እረፍት ተወስዶ 200 ሜትር ይደገማል። ከ400ው ሰዓት ላይ የ200ው ሲቀነስና ለሁለት ሲካፈል፣ ሰው ሳይሰበር ለረጅም ጊዜ ሊይዘው የሚችለው የ100 ሜትር ፍጥነት በግምት ይገኛል።

የእኔ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት 400 ሜትር በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ 200 ሜትር በ4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ዋኘሁ። ልዩነቱ 330 ሰከንድ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ለ100 ሜትር። በ12ኛው ሳምንት 2 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ሆነ። በ24ኛው ሳምንት 2 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ። ልብ በሉ፣ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት 17 ሰከንድ ሲቀንስ በቀጣዮቹ 12 ሳምንታት የቀነሰው 7 ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚገኘው ትርፍ ስልትና ትንፋሽ ሲመለስ የሚመጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው አዲስ የሚገነባ ስለሆነ ይዘገያል። ይህንን ያላወቀ ሰው «ቆምኩ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም ርቀቱን በድንገት ይጨምርና ትከሻውን ያጣል።

የ24 ሳምንቱ ልምምድ

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት፦ በሳምንት 3 ቀን፣ በድምሩ 2,000 ሜትር ያህል። ሁሉም በ25 እና በ50 ሜትር ቁርጥራጭ፣ በመካከል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እረፍት። ሥራው ቀዘፋ መቁጠርና ሰውነትን ማስተካከል ነው። ትንፋሽ ቢኖርም ርቀት አይጨመርም።

ከ5ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት፦ ቁርጥራጩ ወደ 100 እና 200 ሜትር ያድጋል፤ የሳምንቱ ድምር ቀስ በቀስ ወደ 4,500 ሜትር ይጠጋል። በሳምንት አንድ ቀን በፈተናው ፍጥነት 8 ጊዜ 100 ሜትር ይዋኛል፤ ሌሎቹ ቀናት ቀላል ናቸው። 8ኛውና 12ኛው ሳምንት የመቀነሻ ሳምንታት ናቸው።

ከ13ኛ እስከ 22ኛ ሳምንት፦ በሳምንት 4 ቀን፣ አንዱ ቀን ረጅም ዋና፤ ከ1,200 ተነስቶ 2,500 ሜትር ይደርሳል። የሳምንቱ ድምር 8,000 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከገንዳ ወደ ሐይቅ መሸጋገሪያው እዚህ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ርቀቱ በግማሽ ተቀንሶ ሰውነት የሚያርፍባቸው ናቸው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ልጆቼን ስመክር ነበር የምጠቀምበት፤ አሁን ማስታወሻ ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ።

ከገንዳ ወደ ሐይቅ

ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 65 ሜትር ይደርሳል። ዳርቻው ገደላማ ስለሆነ ከጥቂት እርምጃ በኋላ እግር መሬት አያገኝም። ገንዳ ውስጥ በየ25 ሜትሩ ግድግዳ አለ፤ ሰው ሳያውቀው ገፍቶ ይነሳበታል፣ ትንሽ ያርፍበታል። ሐይቅ ላይ ያ ሁሉ የለም። የታችኛው መስመርም ስለሌለ አቅጣጫ ለመያዝ በየስምንት ወይም በየአሥር ቀዘፋው ዓይንን ብቻ ከውሃ በላይ አንስቶ ዳር ላይ ያለ ትልቅ ዛፍ ወይም ሕንፃ ማየት ያስፈልጋል። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ወደ 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ የጠዋቱን ዋና ማሳጠር ብልህነት ነው።

ብቻዬን ገብቼ አላውቅም። በእያንዳንዱ የሐይቅ ዋና አጠገቤ አንድ የአካባቢው ወጣት በትንሽ ጀልባ ይቀዝፋል፤ ላይፍ ጃኬትና የመጠጥ ውሃ ይይዛል። «ጋሼ፣ በጠዋት ካልገባን ነፋሱ ይነሳል» ሲለኝ አልከራከርም፤ ሐይቁን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ደማቅ ቀለም ያለው ኮፍያ ማድረግም ለጌጥ አይደለም፤ ጀልባ እንዲያየን ነው። ሐይቅ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ጣናና ሐዋሳ ውስጥ ጉማሬ አለ፤ ዳርቻቸው ላይ በቀንድ አውጣ የሚተላለፈው ቢልሃርዚያ ያሰጋል። ስለዚህ «እዚያ ሰው ይዋኛል» በሚል ብቻ አይገባም፤ የአካባቢውን ሰውና ጤና ጣቢያውን መጠየቅ ይቀድማል።

በ24ኛው ሳምንት 3 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ጨረስኩ፤ ለ100 ሜትር 2 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ መሆኑ ነው። ከገንዳው ፍጥነቴ በ21 ሰከንድ ይዘገያል፤ ግድግዳው ስለሌለና አቅጣጫ መያዝ ስላለ የሚጠበቅ ነው። ትከሻዬ በማግስቱ ደክሞ ነበር እንጂ አላመመኝም። ለእኔ ትልቁ ውጤት ይኸኛው ነው። የደም ግፊቴ መድኃኒቱ ተጨምሮበት 126 በ80 ላይ ይገኛል። ዋናው ብቻውን ነው ያወረደው አልልም፤ መድኃኒቱንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አላቆምኩም።

ዕድሜ ምን ያህል ይከለክላል?

አንዳንድ የታወቁ ምሳሌዎችን እንመልከት። የኔዘርላንዱ ማርተን ፋን ደር ዌይደን እ.ኤ.አ. በ2001 የደም ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። ታክሞ ወደ ውሃ ተመለሰና በ2008 በቤጂንግ የመጀመሪያውን የወንዶች 10 ኪሎ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ኦቶ ታኒንግ በ2014 በ73 ዓመታቸው የእንግሊዝን ቻናል ዋኝተው ተሻግረዋል። አሜሪካዊቷ ዳያና ናያድ በ1978 በ28 ዓመቷ ከኩባ ወደ ፍሎሪዳ ለመዋኘት ሞክራ አልተሳካላትም። ለሠላሳ ዓመት ያህል ረጅም ርቀት ትታ ከቆየች በኋላ ተመልሳ በ2013፣ በ64 ዓመቷ፣ ወደ 177 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን በ53 ሰዓት ገደማ ጨርሻለሁ ብላ ፍሎሪዳ ደርሳለች። ይህ ዋናዋ በማስረጃ አያያዝ ላይ ክርክር ስለተነሳበት በይፋ አልጸደቀም፤ ተመልሳ የመዘጋጀቷ ነገር ግን አያከራክርም።

እነዚህ ሰዎች ለእኛ ልክ አይሆኑም፤ የኑሮም የድጋፍም ልዩነት አለን። የምንወስደው ትምህርት ግን አለ። ሁሉም ወደ ድሮው አካላቸው አልተመለሱም፤ ባላቸው አካል አዲስ ሥራ ጀመሩ እንጂ።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ በተለይ ነገ አሰልጣኝና መምህር የምትሆኑ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች፣ ወደ ገንዳችሁ አንድ ጎልማሳ መጥቶ «ድሮ እዋኝ ነበር» ቢላችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ የሐኪም ፈቃድ ጠይቁት፤ ቀጥሎ ዛሬ ያለውን በ400 እና በ200 ሜትር ለኩት፤ ከዚያ ትንፋሹ ምንም ያህል ቢያምር ርቀቱን በትከሻው ልክ ስጡት። በስድስተኛው ሳምንት «እችላለሁ፣ ጨምሩልኝ» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፣ ይችላል። ችግሩ የሚችለው ልቡ መሆኑ ነው፤ ጅማቱ ገና አልተጠየቀም። ያን ጊዜ እምቢ የሚለው አሰልጣኝ ነው በ24ኛው ሳምንት ሰውየውን ሐይቅ ላይ የሚያገኘው።

እኔም አሁን ለ5 ኪሎ ሜትር እየተዘጋጀሁ ነው። ስንት ሳምንት ይፈጃል ለሚለኝ፣ መልሱን የሚሰጠው ትከሻዬ ነው። ቸር እንሰንብት።